በር ላይ የቀረችው እናት

በ2061 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሦስት ቤት በአንዱ ምትክ ይገባ ነበር። እናቱ ወይም አባቱ ለሥራ ባሕር ለተሻገሩበት ልጅ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እየመጣ የሚያለብሰው፣ የሚያበላው፣ የሚያቅፈው ሰው ይላክለታል። ምትኳ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጥቁር ዶቃ ታስራለች፤ ሩቅ አገር ያለችው እናት በዶቃዋ ታያለች፣ ትሰማለች። ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ነገር ትከታለች፤ የእናቲቱ ቃል በፍሬዋ ይመጣል። ምትኳ የሰማችውን ቃል በቃል ለልጁ ትናገራለች። "እቀፊው" ካሏት ታቅፈዋለች፤ "ተዪው" ካሏት ትተወዋለች። ከራሷ የምትጨምረው የለም። ለእናቲቱ መልስ መስጠት ካስፈለጋት በጣቷ ጉልበቷን መታ ታደርጋለች፤ አንድ ጊዜ ከሆነ አዎ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ አይደለም ማለት ነው።

አስካለ በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ አልወለደችም። ድርጅቱ ያልወለዱ ሴቶችን ይመርጣል። የወለደች ሴት እጇ ይቀድማታል ይላሉ። አስካለን እጇ ቀድሟት አያውቅም ነበር። የሥራ ማኅደሯ ላይ "ጸጥ ያለች" ተብሎ ተጽፎላታል፤ በዚህ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሀሴትን ትሆናለች።

ሀሴት ከአገር የወጣችው ልጇ ትርሲት ሁለት ዓመት እንደሞላት ነው። ጃፓን ውስጥ ናጎያ በሚባል ከተማ የአንዲት የዘጠና ስድስት ዓመት አሮጊት ገላ ታጥባለች፣ ታበላቸዋለች፣ ታስተኛቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ከልጇ ጋር በስክሪን ትገናኝ ነበር። ትርሲት ግን የእናቷን ፊት ባየች ቁጥር ወደ ስክሪኑ እየተንጠራራች ስታለቅስ ትውላለች፤ ምግብም አትበላም። ድርጅቱ ለእንዲህ ያለው ነገር ምክር ነበረው። ልጅ ሁለት እናት ካየ ሁለቱንም አያምንም፤ ስለዚህ ፊቱም ድምፁም ይቅር፣ ምትኳ ብቻ ትቅረብ። ሀሴትና ባሏ ያፌት ተማክረው ፈረሙ። ልጅቷ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማልቀስ አቆመች። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ በስልክ የሚያወሩት ትርሲት ቤት በሌለችበት ሰዓት ነው።

አሁን ትርሲት ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ መልካም ድምፅ እንዳላት ለሰው ትናገራለች። ድምፁ የአስካለ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሄዱበት ቅዳሜ ለአንድ ዓመት ሲጠበቅ የቆየ ቀን ነበር። የአሮጊቷ የእህት ልጆች ሊጠይቋቸው ስለሚመጡ ሀሴት ሙሉ ቀን ፈቃድ አግኝታለች። ልጅ ሳለች እናቷ የልጆች ቴአትር ቤት ይወስዷት ነበር፤ ይህን ለትርሲት ስንት ጊዜ አውርታላታለች። "ሰዎች እፊትሽ ይቆሙና እንስሳ ይሆናሉ" ብላታለች፤ ማለትም አስካለ ብላታለች። ትርሲት ይህ እንዴት እንደሚሆን አይገባትም። ለእሷ እንስሳ ግድግዳ ላይ ይመጣል፤ ሲሰለቻት በእጇ ታጠፋዋለች።

አስካለ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አጥሩ ጥግ ቆማ ዶቃዋን አሰረች፣ ፍሬዋን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። ትንሽ ቆይቶ ሀሴት ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማች። አስካለ በሩን አንኳኳች።

"እማ መጣች" አለች ትርሲት ከውስጥ።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል በብዙ ልጆች አፍ ሰምታዋለች። የትርሲት ግን ወደ በሩ በሚሮጥ እግር ታጅቦ ነው የሚመጣው።

ባቡሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሣ። ትርሲት በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ አስካለ ከጎኗ፣ ያፌት ከፊታቸው። ያፌት ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ የንፋስ ማማዎች ይጠግናል። ሚስቱን ሲያናግር የአስካለን ግንባር ያያል። አራት ዓመት ሙሉ ዓይኗን አይቶ አያውቅም ቢባል ሐሰት አይሆንም።

"ቁርስ በላችሁ?" አለች አስካለ በሀሴት ቃል።

"በልተናል። ጨጨብሳ ሠራሁላት" አለ ያፌት ለዶቃዋ።

"ማር አድርገህበታል?"

"ትንሽ።"

ጫጫን እንዳለፉ ሀሴት በጆሮዋ ውስጥ ለአስካለ ብቻ የሚሆን ቃል ተናገረች። "ራሷን አሽቺልኝ።" አስካለ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ፀጉር አሸተተች። "ቅቤ ቅቤ ይላል?" አስካለ ጉልበቷን ሁለት ጊዜ መታ አደረገች። "ሳሙና?" አንድ ጊዜ። "እኔ ትቼው የሄድኩት ዓይነት ሳሙና ነው? አረንጓዴው?" አስካለ አረንጓዴውን ሳሙና አታውቀውም። ጣቷ ጉልበቷ ላይ ቆመ። ሀሴትም አልደገመችውም፤ ከሸኖ እስከ ሰንዳፋ የልጇን ማጅራት ስታይ መጣች።

ቴአትር ቤቱ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። ድሮ መጋዘን የነበረ፣ ግድግዳው በቀይ አሸዋ ድንጋይ የተሠራ ቤት። በሩ ላይ በእጅ የተሣለ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ አፉን በሰፊው የከፈተ ጅብ፣ ከአፉ ግን ምንም አይወጣም። ከሥሩ "ድምፁ የጠፋበት ጅብ" ይላል። ወላጆችና ልጆች ተሰልፈዋል። በሩ ላይ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ቆመው የሰዉን ዕቃ ይቀበላሉ። መነጽር፣ ቀለበት፣ የጆሮ ፍሬ፣ የእጅ አንባር፤ የሚያይና የሚሰማ ነገር ሁሉ ቁጥር በተጻፈባቸው ትንንሽ የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ይገባል።

ተራቸው ሲደርስ ሽማግሌው አስካለን አዩና "እመቤቴ፣ ዶቃዋን ይፍቱልኝ" አሏት።

አስካለ የሀሴትን ትንፋሽ ሰማች። ከዚያ ቃሉ መጣ፤ እሷም አለችው። "አባባ፣ እኔ እናቷ ነኝ። ያለሁት ሩቅ አገር ነው። ይቺ ከተፈታች እኔ የለሁም።"

ሽማግሌው ስማቸው አቶ ልዑልሰገድ ነው፤ ደረታቸው ላይ ተጽፏል። የአስካለን ፊት ትንሽ ካዩ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ዶቃዋ አነሡ።

"ገባኝ ልጄ። ነገር ግን አይቻልም።"

"አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ።"

"ከአንቺ በፊትም የጠበቁ መጥተዋል። ተዋንያኑ የሚያያቸውን ሰው ልክ ማወቅ ይፈልጋሉ። ከመጀመራቸው በፊት በመጋረጃው ቀዳዳ ይቆጥሩናል። በዶቃ የሚያይ ሰው ቢስቅ አይሰሙት፣ ቢያለቅስ አያዩት። እንዲያ ያለ ሰው ሲበዛባቸው ጊዜ ነው ይህን ያሉት።"

ያፌት አንገቱን ደፋ። "ቲኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ" አለ። "አላነበብኩትም።"

"ያፌት" አለች አስካለ። ሀሴት ያለችው ይህን ብቻ ነው።

ትርሲት የአስካለን እጅ እንደያዘች የጅቡን ሥዕል ታያለች። "አንገባም?" አለች።

ከኋላቸው ያለው ሰው ቀስ እያለ አልፏቸው መግባት ጀመረ። አስካለ ቃል እስኪመጣላት ጠበቀች። በፍሬዋ በኩል፣ ከናጎያ፣ አሮጊቷ በማታውቀው ቋንቋ ሲስቁ ይሰማታል።

"ከልጅቷ ትንሽ ራቅ በይ" አለች ሀሴት በመጨረሻ። አስካለ እጇን ከትርሲት እጅ አስለቅቃ ወደ ግድግዳው ሄደች። "ስምሽ ማን ነው?"

ድርጅቱ የምትኮችን ስም ለወላጅ አይሰጥም። አስካለ ሁለት ጊዜ መታ አደረገች።

"አይሆንም ማለትሽ ነው? ተናገሪ ግድ የለም። ጠያቂዋ እኔ ነኝ።"

"አስካለ" አለች አስካለ። ድምፅዋ ጎርነን ብሎ ወጣ፤ ዶቃዋን አስራ ከራሷ ቃል ስታወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"እትዬ አስካለ፣ ስሚኝ። ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ላስገባቸው እችል ነበር። ግን ጨለማ ትፈራለች። ስትፈራ የምትይዘው ያንቺን እጅ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ በዶቃሽ አይቻለሁ። ያንቺን እጅ ይዛ ትግባ።"

"ደንቡ ዶቃው ሲወልቅ ከልጅ ሦስት ክንድ ራቂ ይላል።"

"አውቃለሁ። እኔም ፈርሜበታለሁ።" ሀሴት ቀስ ብላ "እዪልኝ" አለች። "ወጥተሽ ትነግሪኛለሽ።"

አስካለ ፍሬዋን አውጥታ ዶቃዋን ፈታች። የታሰረበት ቦታ ግንባሯን ቀዘቀዛት። አቶ ልዑልሰገድ ተቀብለዋት ፍሬዋንም ዶቃዋንም አሥራ አራት ቁጥር ሣጥን ውስጥ ዶቃዋን ሽቅብ አድርገው አስቀመጡ። የሌሎቹን ሣጥን ሁሉ ክዳን ዘጉ። የአሥራ አራት ቁጥሩን ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱና ተዉት።

"የእናቶቹን አልዘጋም" አሉ።

አዳራሹ ትንሽ ነው። ወንበሮቹ የእንጨት ናቸው፤ ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ይንጫጫሉ። ያፌት ጥግ ተቀመጠ፣ ትርሲት መሐል፣ አስካለ ከዳር። ያፌት ወደ አስካለ ዞር ብሎ "ይመችዎታል እዚያ?" አላት። አራት ዓመት ሲያወራት አንቺ ብሎ ነበር፤ ለሚስቱ ነውና። አሁን ዶቃው የነበረበት ቦታ ባዶ ስለሆነ ዓይኑ የሚያርፍበት አጥቶ ተንከራተተና ዓይኗ ላይ አረፈ።

"ይመቸኛል፤ እግዜር ይመስገን" አለች።

መብራቱ ቀስ እያለ ሄደ። ትርሲት እጇን ሰደደች፤ አስካለም ያዘቻት። እጅ የሚያዘው "ያዢያት" ሲባል ነው። ማንም አላለም። ያዘቻት።

"እማ" አለች ትርሲት በሹክሹክታ፣ "ለምን አታወሪም?"

ወደ አስካለ ጆሮ ምንም አልመጣም። የምትመልሰው ከየት እንደሚወጣ ግራ ገባት።

"እማ በር ላይ ቀርታለች" አለች።

"ታዲያ አንቺ ማነሽ?"

ያፌት ከወዲያ ጥግ ሰምቷል፤ ግን ፊቱን ወደ መድረኩ እንዳደረገ ነው።

"አስካለ እባላለሁ።"

ልጅቷ ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰበችበት። "እማ ስትኖር የት ነው የምትሄጂው?"

"የትም አልሄድም። እዚሁ ነኝ።"

"ዝም ብለሽ?"

"ዝም ብዬ።"

ትርሲት እጇን አልለቀቀችም። "እትዬ ልበልሽ?" አለች።

"በዪኝ።"

መጋረጃው ተከፈተ። ጅቡ ማለዳ ተነሥቶ ለመጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ጉሮሮውን አሸ፣ ውኃ ጠጣ፣ በጭንቅላቱ ቆመ፤ የለም። ጅቡን የሚጫወተው ሰው ቀጭን፣ እግረ ረጅም ነው፤ ከጆንያ የተሰፋ ቆዳ ለብሷል። ድምፅ ሊበደር አህያ ዘንድ ሄደ፤ አህያዋ አበደረችው፤ ማታ ሊያድን ወጥቶ ቢያናፋ የመንደሩ አህዮች ሁሉ ተሰብስበው መጡበት። ከዶሮ ተበደረ፤ ጫጩቶች ተከትለውት እናታችን ካልሆንክ አሉት። ሕፃናቱ ሳቁ። ትርሲት መጀመሪያ የጎረቤቶቿን አፍ ስታይ ቆየች። ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ሲያስቃት የምትስቀው ለብቻዋ ነበር፤ ይህን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ሲስቅ ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ጫጩቶቹ የጅቡን ጭራ ይዘው ሲጎትቱት ሳቋ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ ወንበሩን አንጫጫችው።

አስካለ ይህን ሳቅ ታውቀዋለች። ግን ሁልጊዜ ሲመጣ "አብረሻት ሳቂ" የሚል ቃል ይከተለው ነበር። ቃሉ ሳይመጣ ስትስቅ ራሷን አገኘችው።

ጅቡ ያበደሩት ሁሉ ድምፃቸውን መልሰው ሲወስዱበት ብቻውን ቀረ። መብራቱ ደብዘዝ አለ። ከመድረኩ ወርዶ በሰዎቹ መካከል መሄድ ጀመረ፤ ከየወንበሩ ሥር ድምፁን ይፈልጋል። አይናገርም፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ከእነ ትርሲት ረድፍ ሲደርስ ተንበርክኮ ፊቱን ወደ እሷ አቀረበና አፉን በሰፊው ከፈተ። ባዶ አፍ።

ትርሲት አልጮኸችም። ዘወር ብላ አስካለ ደረት ውስጥ ተወሸቀች። አባቷ በወዲያ በኩል በክንድ ርቀት ነበር፤ እጁንም ዘርግቶ ነበር።

አስካለ ሁለት እጇን አዞረችባት። ዘጠኝ ዓመት የፈራ ልጅ ሲያዝ ሌላ ሰው ነው ቃል የሚያቀብላት፤ አንዷ እናት "እኔ አለሁልሽ" ትላለች፣ አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዷ "ጅብ የለም" ትላለች። ከእነዚህ አንዱንም መዋስ አልፈለገችም።

"ቀስ ብለሽ እዪው" አለቻት። "ግንባሩን እዪ። አልቦታል። ሰው ነው፣ ደክሞታል።"

ትርሲት ባንድ ዓይኗ አየች። ከሰውየው አገጭ ላብ ተንጠባጥቦ የሹራቧ እጅጌ ላይ ወደቀ። ጠብታውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ለጅቡ ራሷን ነቀነቀችለት፤ እኔ ዘንድ የለም ማለቷ ነው። ሰውየው እጅ ነሥቶ አመሰገናትና ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈ።

ከአዳራሹ ሲወጡ ስድስት ሰዓት አልፏል። አቶ ልዑልሰገድ አሥራ አራት ቁጥርን አቀረቡ። ያፌት ልጅቷን ማንጎ ሊገዛላት ወደ ማዶ ወሰዳት፤ ሆን ብሎ ነው። አስካለ አንድ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዶቃዋን አሰረች፣ ፍሬዋን ከተተች።

"አለሽ?" አለች።

"አለሁ" አለች ሀሴት። "ጣሪያውን ሳይ ነበር። የሸረሪት ድር አለበት። ሳቁ ግን በበሩ ይሰማል። ከሳቁ ውስጥ የእሷን ልለይ ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ያገኘሁት መሰለኝና የሌላ ልጅ ይሁን የእሷ እርግጠኛ መሆን አቃተኝ።"

"ጫጩቶቹ ጭራውን ሲጎትቱት ነው በጣም የሳቀችው።"

"መቼ ነው እሱ? መጀመሪያው አካባቢ?"

"እኩሌታው ላይ።"

"እኔ የሰማሁት መጀመሪያው ላይ ነው" አለች ሀሴት። "የሌላ ልጅ ነበር እንግዲህ።" ቀጥላ "ፈራች?" አለች።

"ፈርታ ነበር። ጅቡ እስከ ፊቷ መጥቶ ነበር።"

"ወደ ማን ሄደች?"

አስካለ ከማዶ ልጅቷን አየቻት፤ የማንጎው ጭማቂ በክርኗ እየወረደ ነው። ለሀሴት ደስ የሚላትን መንገር ትችል ነበር። ደንቡም "እናቲቱን የሚያጽናናውን ንገሪ" ይላል።

"ወደ እኔ" አለች።

"ምን አልሻት?"

"ሰው ነው፣ ደክሞታል አልኳት።"

"እኔ ብሆን ምን እንደምላት አላውቅም ነበር" አለች ሀሴት። "ዝም ብዬ ሳስበው ነበር፣ ጣሪያውን እያየሁ። ብትፈራ ምን እላታለሁ እያልኩ። የመጣልኝ የለም።"

የመልሱ ባቡር ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣ። እንደ አመጣጣቸው ተቀመጡ። ሰንዳፋ ከመድረሳቸው በፊት ሀሴት እንደ ወትሮው በአስካለ አፍ መናገር ጀመረች።

"ትርሲት፣ ጅቡ ደስ ይል ነበር?"

ትርሲት ከመስኮቱ ዞረች። የአስካለን ፊት መረመረችው፤ ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ከዚያ አፏን።

"አሁን የምታወራው ማን ናት?" አለች።

አስካለ ቃል ጠበቀች። አልመጣም። "እማ ናት" አለች በራሷ።

"ድምፁ ግን ያንቺ ነው፣ እትዬ።"

"የእኔ ነው።"

"እማ ድምፅ የላትም?"

ያፌት ፊቱን በእጁ አበሰ።

"አላት" አለች አስካለ።

"የታለ?"

አስካለ ጆሮዋን ነካች። "እዚህ ውስጥ።"

"ልስማው።"

"አይሆንም" አለች ሀሴት በፍጥነት፣ ለአስካለ ብቻ። "ታለቅሳለች። አታውቂም አንቺ፣ እንዴት ታለቅስ እንደነበር። ምግብ ትታ ነበር። በስንት መከራ ነው ያቆመችው።"

"ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር" አለች አስካለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አሁን የሚያስፈራትን አፍጥጣ ታያለች። ዛሬ አይቻታለሁ።"

ያፌት ሰምቷል። "ሀሴት" አለ፤ የአስካለን ግንባርም ሆነ ሌላ ቦታ ሳያይ ነው ያለው። "ትስማሽ።"

ባቡሩ አንድ ድልድይ ተሻገረ።

"ያባርሩሻል" አለቻት ሀሴት ለአስካለ።

አስካለ ጉልበቷን አንድ ጊዜ መታ አደረገች።

እንዳለችውም ሆነ። ፍሬዋ ከምትክ ጆሮ ስትወጣ ድርጅቱ ያውቃል፤ በሦስተኛው ቀን ጠርተው ጠየቋት፤ አልካደችም። አሁን ጠባሴ በኩል አንድ የሹራብ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ሀሴት ውሏን ለመጨረስ ሌላ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ቀርቷት ነበር፤ ሳትጨርስ መመለስ የሚቻልበት መንገድ አልተገኘም። ያፌት ሌላ ምትክ አላስመጣም። ትርሲት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በስልክ ከእናቷ ጋር ታወራለች፤ አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች፣ አንዳንድ ቀን ስልኩን ትታ ወደ ጨዋታዋ ትሮጣለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን በሩ ላይ ወጥታ መቆሟን ለረጅም ጊዜ አልተወችም ይባላል።

በዚያ ቅዳሜ፣ ባቡሩ ውስጥ፣ ይህ ሁሉ ገና አልመጣም ነበር። "ስጪያት" አለች ሀሴት። አስካለ ዶቃዋን ፈታች፤ ከፊታቸው ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ከውኃ ጠርሙሱ አስደግፋ ወደ ልጅቷ አዞረቻት። ከዚያ ፍሬዋን አወጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻትና የትርሲት ጆሮ ውስጥ ቀስ ብላ ከተተችላት። ለልጅ ጆሮ ትልቅ ናት፤ እንዳትወድቅ በመዳፏ ደገፈችላት።

ስትቁነጠነጥ የነበረችው ትርሲት ባንዴ ቀጥ አለች። ዓይኗ ወደ ጣሪያው ሄደ፣ ሰው ሩቅ ድምፅ ሲሰማ እንደሚያደርገው። አስካለ ምን እየተባለ እንደሆነ አትሰማም። ጆሮዋ በዘጠኝ ዓመት ባልለመደው መንገድ ባዶ ሆኗል፤ የባቡሩ ብረት፣ የያፌት ትንፋሽ፣ ከኋላ ወንበር የሚጋጭ የብርጭቆ ድምፅ ሁሉ ባንድ ላይ ገባባት።

"ቀጭን ነው" አለች ትርሲት።

ለትንሽ ጊዜ አዳመጠች።

"አዎ። ትርሲት ነኝ።" ደግሞ አዳመጠች። "ስድስት።"

ከዚያ ስለ ጅቡ ሳትጠየቅ አልቀረችም፣ ወሬው ፈሰሰ። ለእናቷ ነገር ተርካላት አታውቅም ነበር፤ እናቷ ሁሉንም አይታዋለችና። አህያዋን ነገረቻት፣ ጫጩቶቹን ነገረቻት፣ ሳትጨርስ ወደ ኋላ ተመልሳ የረሳችውን ጨመረች። "አይ፣ አህያዋ ናት መጀመሪያ" እያለች ራሷን አረመች። የሹራቧን እጅጌ ወደ ዶቃዋ ዘርግታ ላቡ የወደቀበትን አሳየች፤ ደርቋል፣ የሚታይ ነገር የለም፤ ቢሆንም አሳየች። ጅቡ ፊቷ ድረስ መጥቶ አፉን የከፈተበት ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እዚያ ላይ ቆመች።

አዳመጠች። ፊቷ ተለወጠ። ወደ አስካለ ዞረች።

"እትዬ" አለች፣ "እማ እያለቀሰች ነው። ምን ልበላት?"

ያፌት ቀና አለ። አስካለ የልጅቷን ጆሮ እንደደገፈች ወደ ዶቃዋ አየች። ከዚህ በፊት ዶቃዋን ከፊት ለፊት አይታት አታውቅም፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ የመስኮቱን ብርሃን የምትመልስ ነገር ናት።

"ከዚያስ ምን እንደሆነ ንገሪያት" አለች።

ትርሲት ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች።

"እሺ እማ። ከዚያ ጅቡ ወደ አንድ ጉድጓድ ሄደ። ድሮ ወደ ጉድጓዱ ጮሆ ነበር፣ ግን ድምፁ እስኪመለስለት ሳይጠብቅ ሄዷል። ቆይ ልንገርሽ፣ አታልቅሺ፤ አለ እኮ ድምፁ፤ እዚያው ታች ነው ያለው…"